«ታዋቂው»፦ በማሃኔ ይሁዳ ገበያ ስለ ዝና አጠቃቀም የተደረገ ጥናት

«ታዋቂው» የሚለው ቅጽል የአጠቃቀም ሕጉ አጭር ነው፤ የሚገባው ሰው አያስፈልገውም። «ታዋቂው አፄ ምኒልክ» ብሎ የጻፈ የለም፤ «ታዋቂው ድምፃዊ እገሌ» የሚል ማስታወቂያ ግን በየአጥሩ ተለጥፏል። ሕጉን ከአገር ውጭ ለመፈተን የኢየሩሳሌሙ ማሃኔ ይሁዳ ተመርጧል። ምክንያቱ ፍጹም ሳይንሳዊ ነው፤ እዚያ ዝና በብረት ላይ ስለተቀባ በእጅ ይዳሰሳል።

ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰለሞን ሱዛ የተባለ ወጣት ሠዓሊ በሱቆቹ ተጠቅላይ የብረት መዝጊያዎች ላይ በስፕሬይ ቀለም የሰው መልክ ሥሏል፤ ሥዕሎቹ ከ150 ይበልጣሉ። ጎልዳ ሜየር አሉ፣ ቤን ጉሪዮን አሉ። እንከኑ አንድ ነው፦ ሱቁ ሲከፈት መዝጊያው ከነባለመልኩ ይጠቀለላል። ጠቅላይ ሚኒስትሮች ቀኑን ሙሉ ከነጋዴው ራስ በላይ ተጠቅልለው ይውሉና ሌሊትና ቅዳሜ፣ ገዢ ሲጠፋ፣ ብቅ ይላሉ። ኮክና ፖም በአንጻሩ እዚያው ገበያ ውስጥ በስማቸው መንገድ አላቸው፤ ማንም አይጠቀልላቸውም።

ይሁዳስ? ሰፈሩ በ1887 እ.ኤ.አ. ሲቆረቆር ከመሥራቾቹ አንዱ ዮሴፍ ናቮን በወንድሙ ስም አስጠራው። ዛሬ ቀላል ባቡሩ እዚያ ጣቢያ በደረሰ ቁጥር ስሙን በድምፅ ማጉያ ይጠራዋል፤ ሰውየውን የሚያውቀው ተሳፋሪ ግን ከስንት አንድ ነው። እኛማ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ሲባል ሰምተን ያደግን ስለሆንን፣ ሳንጠይቅ ዘመድ አድርገነዋል። ቅዳሜ ባቡሩ አይሠራም፤ መልኮቹ ሲገለጡ ስሙ ዝም ይላል።

ጥቂት በእግር ርቆ የኢትዮጵያ ጎዳና አለ። እዚያ ያለችውን የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ያስጀመሩት አፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው፤ ሳያዩዋት በ1889 እ.ኤ.አ. በመተማው ጦርነት ቆስለው ዐረፉ። በዚያው ጎዳና ዕብራይስጥ የቤትና የገበያ ቋንቋ እንዲሆን የታገለው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ኖሯል። የቤቱ መታሰቢያ ሰሌዳ በተደጋጋሚ ተነቅሏል። ይህ በጥናቱ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘ የዝና ዓይነት ነው፤ የማያውቀውን ሰው ሰሌዳ ሊነቅል መፍቻ ይዞ በሌሊት የሚወጣ የለምና።

ከዚህም የሚበልጥ አንድ ደረጃ አለ። በከተማዋ የሚኖሩ እናቶቻችን ነጠላቸውን አጣፍተው ማሃኔ ይሁዳ ሲገቡ ጎልዳንም ቤን ጉሪዮንንም ቀና ብለው አያዩም፤ ቅመም ሻጩን ግን በሩቁ ይለዩታል። ስሙን ጠይቀውት አያውቁም፤ «ያ ልጅ» ይሉታል፣ ሁሉም ማን እንደሆነ ይገባቸዋል። ቅጽል ቀርቶ ስም እንኳ የማያሻው ዝና ይህ ብቻ ነው።

ሥዕሎቹን ማየት የሚሻ አንባቢ ቅዳሜ ይሂድ። ቅመም የሚፈልግ ግን ዓርብ ከቀትር በፊት ይድረስ፤ ያ ልጅ ለዝነኛም ቢሆን ሱቁን ከፍቶ አይጠብቅም።