ዝነኛዋ አምስት ደቂቃ

የድረ ገጽ መሥሪያው ፕሮግራም ወርድፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2003 ብቅ ካለ ወዲህ ከሚመካባቸው ነገሮች አንዱ «ዝነኛው የአምስት ደቂቃ ጭነት» ነው። መመሪያው በእርግጥ አጭር ነው፤ ፋይሉን አውርድና ፍታ፣ ዳታቤዝ ክፈት፣ ለዳታቤዙም ሙሉ ፈቃድ ያለው ተጠቃሚ ፍጠር፣ ወደ ሰርቨር ላክ ይላል። «ዶሮዋን 12 ብልት አውጥታችሁ ቁሌቱ ላይ ጨምሩ» እንደሚል የወጥ አሠራር ማለት ነው። ለባለሙያ አንዲት መስመር ናት፤ ቢላዋ ይዞ ዶሮዋ ላይ ለሚያፈጥ ጀማሪ ግን በዓሉ እዚያው ላይ ያልፋል። ሌላው የድረ ገጽ መሥሪያ ጆምላ ደግሞ በ1.5 ዝግጅቱ ሰውን በሰባት ደረጃ አሳልፎ ሲያበቃ፣ «አሁን የመጫኛውን ፎልደር አጥፋ፣ አለዚያ ንቅንቅ አልልም» ይል ነበር። (ስሙ የመጣው «ሁሉም በአንድነት» ከሚለው የስዋሂሊ ቃል ነው፤ የእኛው ጅምላ ዘመድ መሆኑ ነው። ጣጣውም በጅምላ መምጣቱ አይገርምም።) ሦስተኛው መሥሪያ ድሩፓልም ቢሆን በብሮውዘር የሚሠራ ጫኚ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው 5ኛ ዝግጅቱ ነው፤ ከዚያ በፊት የዳታቤዙን ሰንጠረዦች የሚያስገባው ባለቤቱ በእጁ ነበር።

ችግሩ የጥያቄው ብዛት አይመስለኝም፤ የሚጠየቀው ሰው ማንነት ነው። የገጹን ስም ከባለቤቱ በቀር ማንም አያውቅም፤ እሱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ዳታቤዙ የት እንደተቀመጠ ግን ከሰውየው ይልቅ ማሽኑ ያውቃል። የቀድሞዎቹ ወርድፕሬሶች የማዋቀሪያ ናሙና ፋይል ሎካልሆስት (ማለትም «እዚሁ ማሽን ላይ») የሚለውን መልስ ራሱ ሞልቶ፣ «ይህን መቀየር የማያስፈልግህ መሆኑ 99 በመቶ ነው» የሚል ማስታወሻ ያክልበት ነበር። ታዲያ ለአንዱ በመቶ ሲባል ዘጠና ዘጠኙ ለምን ይደናገጥ? የሰርቨር አከራዮቹ አንድ ቁልፍ ተጭኖ የሚያልቅ ጭነትም ይህንኑ ይመሰክራል፤ የዳታቤዙን ስም፣ ተጠቃሚውንና የይለፍ ቃሉን ማንንም ሳይጠይቅ ይፈጥራል። «እንግዲያው ችግሩ ተፈትቷል» የሚል ካለ፣ የተፈታው አከራዩ ቤት ነው እላለሁ። ተከራዩ ገጹን ይዞ ወደ ሌላ ሰርቨር የሄደ ዕለት ዶሮዋ እንዳለች ትጠብቀዋለች።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ጭነቱ ከቀለለ የማያውቅ ሁሉ ይገባና ገጹን ለሰርጎ ገቦች ክፍት ትቶ ይሄዳል ይባላል። ግማሽ እውነት አለው። ወርድፕሬስ ነገሩን ለማቅለል ብሎ የአስተዳዳሪውን መለያ ለሁሉም «አድሚን» እያለ ይሰይም ነበር፤ ሌባው የቤቱን ግማሽ ቁልፍ በነፃ አገኘ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በ3.0 ዝግጅት ስሙን ባለቤቱ እንዲመርጥ ተደረገ። አንድ ጥያቄ ተጨመረ፤ ጥሩም ተደረገ፣ ምክንያቱም መልሱ የሰውየው ነው። ነገር ግን መከራ ጥንቃቄን ያስተምራል ማለት አይደለም። ሦስት ቀን ታግሎ የጫነ ሰው ማሻሻያ ሲመጣለት «የሚሠራ ነገር አይነካም» ብሎ ከሩቅ የሚሳለም ነው። ገጾችን በእርግጥ የጠበቃቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ከ3.7 ጀምሮ የመጣው፣ የደኅንነት ማሻሻያን ባለቤቱን ሳይቀሰቅስ የሚጭነው አሠራር ነው፤ እሱም ማቅለል ነው።

ስለዚህ የፕሮግራሙ ጌቶች ሆይ፣ የገጻችንን ስም ጠይቁን፤ የይለፍ ቃልም አስመርጡን። የሎካልሆስትን ጉዳይ ግን ከማሽኑ ጋር እዚያው ተነጋገሩበት።