ነጭ ቀበቶ ፋይት ሲገባ

ስፓሪንግ፣ በቴኳንዶ ሰልጣኞች አጠራር «ፋይት»፣ ሁለት ሰልጣኞች በአሰልጣኝ ፊት፣ በሕግ ተወስነው፣ የተማሩትን አንዱ በሌላው ላይ የሚሞክሩበት የልምምድ ክፍል ነው። ውድድር አይደለም፤ አሸናፊ አይታወጅበትም፤ ጥቅሙም ለሁለቱም እኩል ነው። ትርጓሜው እንከን የለውም። ችግሩ በመጀመሪያው ወር ይህን የሚያምን ነጭ ቀበቶ አለመገኘቱ ነው። በዚያ ወር ፋይት ማለት ለጀማሪው ወርሃዊ ከፍሎ፣ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ እጅ ነስቶ መመታት ነው።

ጀማሪው ወደዚህ ቀን የሚደርሰው ስንቅ ሳይዝ አይደለም። ትልቁ ስንቁ ፊልም ነው። የብሩስ ሊ «ኢንተር ዘ ድራገን» በ1973 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ እነ ጃኪ ቻን፣ እነ ቫን ዳም፣ እነ ጄት ሊ እየተከታተሉ በየከተማው ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ሲያስሞሉ ኖረዋል። ፊልም ስለ መምታት ብዙ ያስተምራል፤ ስለ መመታት ግን ይዋሻል። ሃያ ሰው ጀግናውን ይከብብና አንድ በአንድ ተራውን ጠብቆ ይመጣል፤ ባሕር ዳር ውስጥ ባጃጅ ለመሳፈር እንኳ ተራ እንዲህ ተከብሮ አያውቅም። ጀግናው ሲመታ የከንፈሩን ደም በአውራ ጣቱ ጠርጎ ፈገግ ይላል። እውነተኛው ጀማሪ ግን አፍንጫውን ይዞ ይቆማል፤ ዓይኑም እንባ ይሞላል። ልቅሶ አይደለም፤ አፍንጫ ሲመታ ዓይን ሳይጠየቅ ያነባል። ይህን ግን ግድግዳ ተደግፈው ለሚያዩት ማስረዳት አይቻልም።

ሁለተኛው ስንቅ ፓተርን ነው፤ ብቻን የሚሠራ፣ ቅደም ተከተሉ የተወሰነ የእንቅስቃሴ ልምምድ። ኢንተርናሽናል በሚባለው የቴኳንዶ ቤት የመጀመሪያው ፓተርን፣ ቾን ጂ፣ 19 እንቅስቃሴ አለው። ጀማሪው ለሳምንታት ወደ ግራ ዞሮ ይመክታል፣ ወደፊት ረግጦ ይሰነዝራል፣ ዞሮ ይደግመዋል። የሚገጥመው አየርን ነው፤ አየር ደግሞ አይመልስም። ከዚያ የእርምጃ ፋይት ይመጣል። በሦስት እርምጃው አጥቂው በየትኛው እጅ፣ የት፣ ስንት ጊዜ እንደሚሰነዝር አስቀድሞ ይታወቃል። ተከላካዩ መክቶ አንድ ይመልሳል፤ አጥቂውም ዝም ብሎ ቆሞ ይቀበላል። ቀስ በቀስ ሦስቱ እርምጃ ወደ አንድ ይወርዳል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር በውል ነው። ነጻ ፋይት ሲጀመር ውሉ ይቀደዳል፤ ባላጋራውም የሚንቀሳቀስ ሰው ሆኖ ይገኛል።

ብቻን በመልመድና ሰው ገጥሞ በመልመድ መካከል ያለው ገደል ሊቃውንቱንም አላስማማም። ጂጎሮ ካኖ በ1882 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ውስጥ ጁዶን ሲመሠርት ተማሪው መጣልን ከመማሩ በፊት መውደቅን እንዲማር አደረገ፤ ነጻ ግጥሚያንም የልምምዱ አጥንት አደረገው። በ1922 እ.ኤ.አ. ካራቴን ከኦኪናዋ ወደ ቶኪዮ ያመጣው ጊቺን ፉናኮሺ በበኩሉ ነጻ ግጥሚያን አይወድም ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ግን ሳይሰሙት ይጋጠሙ ነበር። ቴኳንዶ ስሙን ያገኘው በ1955 እ.ኤ.አ. ኮሪያ ውስጥ ሲሆን፣ ኋላ ኢንተርናሽናል (1966) እና ወርልድ (1973) በሚባሉ ሁለት ቤቶች ተከፈለ። ሁለቱም ኢትዮጵያ ውስጥ አሉ፤ ልዩነታቸውንም ጀማሪው የሚረዳው በፊቱ ነው። በወርልድ የደረት መከላከያና ሄልሜት ይደረጋል፤ ፊትን በቡጢ መምታት ክልክል ነው፣ በእግር ግን ይቻላል። እንዲያውም ደረትን ያገኘ ርግጫ 2 ነጥብ ሲያስገኝ ራስን ያገኘ 3፣ ዞሮ ራስን የመታ ደግሞ ከዚያም በላይ ያስገኛል። በኢንተርናሽናል ጓንትና የእግር መከላከያ ተደርጎ ፊት በቡጢም ይመታል፣ ኃይሉ ተቆጥቦ። እንግዲህ ሰው የሚመዘገብበትን በር ሲመርጥ ፊቱ በምን እንደሚመታም እየመረጠ ነው፤ በምዝገባው ቀን ይህን የሚነግረው ግን የለም።

የአማራ ምድር ልጅ መመታትን ከኮሪያ አልተማረም። በገና ጨዋታ ሩሯን ስቶ ቅልጥም የሚያገኝ በትር ሞልቷል፤ እረኞች ትግል ይጋጠማሉ፤ ለቡሄ፣ ነሐሴ 13 ሲቃረብ፣ የጎጃምና የጎንደር ልጆች ጅራፍ ገምደው ያጮኻሉ፣ አልፎ አልፎም እርስ በርስ ይሞካከሩበታል። ከዚህ ጨዋታ መካከል ወጥቶ ክለብ የገባ ወጣት የመጀመሪያው ምት ሲያርፍበት ከከተማው ልጅ ያነሰ ይደነግጣል። ምት እንደሚያምና እንደማያዋርድ አስቀድሞ ያውቃል፤ የከተማው ልጅ ሁለቱን ለመለየት ወራት ይፈጅበታል።

የመጀመሪያው ዙር ብዙ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ሻይ አዝዞ ለመጠጣት የማይበቃ ጊዜ። «ቻሪዮት፣ ኪዩንግሬ፣ ሺጃክ» (ተጠንቀቅ፣ እጅ ንሳ፣ ጀምር) ይባላል። ጀማሪው መጀመሪያ የሚያጣው ትንፋሹን ነው። ደክሞት አይደለም፤ መተንፈሱን ይረሳዋል። ከፍርሃት ጋር የሚለቀቀው አድሬናሊን ልቡን ያስሮጣል፣ እጁን ያንቀጠቅጣል፣ እይታውን ያጠብባል። አሰልጣኙ «እጅህን አንሳ!» እያለ ይጮኻል፤ ከእሱ በቀር ሁሉም ይሰማል። ሰበብ የፈለገ ሰው ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ማለቷን፣ አየሩም ከባሕር ጠረፍ ከተማ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ መሆኑን መጥቀስ ይችላል። እዚያው ተወልዶ ላደገ ሰው ግን ሰበቡ አይሠራለትም፤ ከአዲስ አበባ የመጣውማ ጭራሽ ያፍርበታል፣ የመጣው ከላይ ወደ ታች ነውና። የሚያዝያና የግንቦት ሙቀት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሲያገኘው ግን ሰበቡ ሊከበርለት ይገባል።

ለትንፋሽ ያለው መድኃኒት የቆየ ነው፤ ኪያፕ። ጩኸቱ ባላጋራን ለማስፈራራት የመጣ የሚመስለው ብዙ ነው። ዋናው ጥቅሙ ግን ሰው አየር ሳያስወጣ መጮኽ አለመቻሉ ነው። የሚያፍር ጀማሪ አይጮኽም፤ ስለማይጮኽ አይተነፍስም፤ ስለማይተነፍስ በአንደኛው ደቂቃ ማብቂያ ላይ ከንፈሩ ይነጣል።

ቀጥሎ ዓይን አለ። ምት ሲመጣ መጨፈን የተፈጥሮ እንጂ የፈሪነት ጉዳይ አይደለም። «አትጨፍን!» ብሎ ማዘዝም አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ቀስ ብሎ የሚመጣ ጓንት ደጋግሞ ማየት ነው። ሰው ያየውን አይቶ ለመንቀሳቀስ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ፈጣን ርግጫም መንገዱን በዚያችው ጊዜ ይጨርሳል። ስለዚህ እግር እግር የሚያይ ሁልጊዜ ይዘገያል። ነባሮቹ የሚያዩት ደረትና ትከሻን ነው፤ እግር ከመነሳቱ በፊት ዳሌና ትከሻ ያሳብቃሉ። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዊልያም ሂክ በ1952 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ደግሞ ምርጫ በበዛ ቁጥር ምላሽ እንደሚዘገይ አሳይቷል። አሥራ ሁለት ዓይነት ርግጫ አጥንቶ የገባ ጀማሪ «የቱን ልጠቀም?» እያለ ሲያማርጥ፣ አንዲት ካልቾ ብቻ የሚያውቀው መትቶት ተመልሷል።

ዋናው ጉዳይ ግን ባላጋራው ነው። ጀማሪ የሚፈራው ጥቁር ቀበቶን ነው፤ ፍርሃቱን ያለቦታው አውሎታል። ጥቁር ቀበቶ የሚያስመሰክረው ነገር የለውም፤ የት ላይ እንደሚያቆም ያውቃል፤ እግሩን ጆሮ አጠገብ አድርሶ ይመልሰዋል፣ ለጀማሪው የሚደርሰው ነፋሱ ነው። አደገኛው ከሦስት ወር በፊት ነጭ የነበረው ቢጫ ቀበቶ ነው። ይህ ሰው ሲመታ ከርሟል፤ ዕዳ አለበት፤ የሚከፍለው ግን ላበደሩት ሳይሆን ከኋላው ለመጣው ነው። ከእሱ ቀጥሎ የሚያሰጋው ሌላው ነጭ ቀበቶ ነው። ሁለት ነጮች ሲጋጠሙ ቴክኒክ አገር ጥሎ ይሰደዳል፤ ጉልበት ከክርን፣ ቅልጥም ከቅልጥም ይገናኛል። ሁለቱም እያነከሱ ይወጣሉ፤ ማን ማንን እንደመታ አሰልጣኙም አያውቅም። የአሥራ አምስት ዓመቷ ሰማያዊ ቀበቶ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይገባታል። ጎረምሳው «እኔ ሴት አልመታም» ብሎ እጁን አውርዶ ይገባል። የመጀመሪያው 3 ነጥብ ጆሮ ግንዱ ላይ ሲያርፍ አቋሙን ይለውጣል፤ ለውጡ ግን አይፈይድለትም፣ ልምታት ቢልም አያገኛትምና።

የአገራችን ፋይት ሌላም አደጋ አለው። ጨዋ ሰልጣኝ ሰው ሲመታ ይደነግጥና «እኔን!» ብሎ፣ እጁን ጥሎ፣ የተመታውን አገጭ ለማየት ይጠጋል። ዓይኑን የጨፈነው ጀማሪ በጭፍን የወረወረው ቡጢ የሚያርፈው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ «እኔን» የሚለው ሌላኛው ይሆናል።

ጀማሪው እያነከሰ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ወይም አባይ ማዶ ካለው ቤቱ ሲደርስ እናቱ በር ላይ ያገኙታል።

«ማነው እንዲህ ያደረገህ?»

«ጓደኛዬ ነው እማዬ፣ ልምምድ ነው።»

«ደግሞ ከፍለህ?»

«በወር ነው።»

«ለመመታት ለመመታትማ ሰፈሩ በነጻ ሞልቶ የለም እንዴ!»

ለዚህ ክርክር መልስ ያገኘ ሰልጣኝ እስካሁን የለም።

ሕክምናው ይቀጥላል። ቅቤ ይወጣል፤ አክስት ወጌሻ ይጠራ ይላሉ፤ ጎረቤት ደግሞ ላብ ላይ እያለ የጣና ነፋስ መትቶት ነው ባይ ናቸው። ነፋሱ ከደሙ ነጻ ነው። የበለዘ ጭን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚፈልገው ማረፍና ቅዝቃዜ ነው፤ ከሱቅ ፍሪጅ የወጣ የታሸገ ውሃ በጨርቅ ተጠቅልሎ ለሃያ ደቂቃ ያህል ቢያዝበት ይበቃል። ትኩስ ምትን በኃይል ማሸት ደሙን ያበዛዋል፤ ከባድ የጭን ምት ሲታሽ ጡንቻው ውስጥ አጥንት የሚያበቅልበት ጊዜም አለ። ወጌሻ ሙያው የተከበረ ነው፤ ለዚህ ግን አይጠራም። የጡንቻ ሕመም ራሱ የሚበረታው በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን ነው። ቁጢጥ ማለት ግድ በሆነበት መጸዳጃ ቤት ያኔ የሚሰማው ቃና ከኪያፕ አይተናነስም።

ከክለብ የሚቀር ሰው ግን በሕመም ሳይሆን በሐፍረት ይቀራል። ሐፍረት ስሙን ስለማይናገር ሌላ ስም ይዞ ይመጣል፦ ፈተና ደረሰ፣ የጥር ሠርግ በዛ፣ ዐቢይ ጾም ገባ። 55 ቀን ለሐፍረት በቂ መጠለያ ነው። የሚጾሙ ነባሮች ግን ጾሙን ሙሉ እየሠሩ ይታያሉ፤ ያን ሰሞን አሰልጣኙ ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ ፋይቱን አይተወውም።

መቋቋሚያው አሰልቺ ነው፤ ስለዚህም ፊልም አልተሠራለትም። ከመግባት በፊት ባላጋራን «ቀስ እንበል» ማለት ይቻላል። ይሉኝታ ይህችን ሁለት ቃል ታስውጣለች፤ ብዙ ከንፈርም የፈነዳው በእሷ ምክንያት ነው። የጥርስ መከላከያ ይደረጋል። ሙሉ ፋይት በተከፋፈለ ፋይት ይተካል፦ አንዱ ያጠቃል፣ ሌላው ይከላከላል ብቻ፤ ወይም የፊት እግር ብቻ ይፈቀዳል። ለአንድ ዙር አንድ ሥራ ይያዛል፤ ዛሬ መተንፈስ፣ ሐሙስ እጅ አለማውረድ። ማሸነፍ ከሥራዎቹ አንዱ አይደለም። ወደ ኋላ በቀጥታ ማፈግፈግም ይተዋል፣ የጠባብ አዳራሽ ኋላ ግድግዳና የጫማ ክምር ነውና፤ መውጫው በጎን ነው። የንጋት ሩጫ፣ በሐይቁ ዳርም ሆነ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ሽቅብ፣ ሳንባን ያግዛል እንጂ መመታትን አያስተምርም። ርቀት መጠበቅን ለመማር ግን አባይ ከጣና የሚወጣበት አካባቢ ጥሩ ነው፤ ሌሊት ሣር የጋጠ ጉማሬ ወደ ውሃው ሲመለስ ያገኘ ሯጭ ስለ ርቀት ሁለተኛ ትምህርት አያስፈልገውም።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ58 ኪሎ ኢትዮጵያን ወክሎ የገጠመው ሰለሞን ቱፋም በአንድ ወቅት ነጭ ቀበቶ ነበር። የነጭ ቀበቶ የመጀመሪያ ወር ስለ ጀማሪው ምንም አይመሰክርም፤ የሚመሰክረው ስላጋጠሙት ሰዎች ነው። ጎበዝም ሰነፍም በዚያ ወር አንድ ዓይነት ይመታል፤ በዝቶ ከተመታ ጥፋቱ የአሰልጣኙና የነባሩ ነው።

ቀልድ የማይገባበት ነገር ራስ ነው። ተመትቶ ራሱን ያመመው፣ ያስመለሰው፣ የደነዘዘ ወይም ሁለት ሁለት የሚያይ ሰልጣኝ ያን ቀን ወደ ፋይት አይመለስም፤ ባሕር ዳር ከሆነ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ይሄዳል፤ ምልክቶቹ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፉም አይገጥምም። «ወንድ ልጅ አይደለህም እንዴ?» የሚል አሰልጣኝ ካለ ያ ሰው ሐኪም አይደለም፤ አሰልጣኝነቱም ያጠራጥራል።

ስለዚህ ልጅ ለማስመዝገብ የሚሄድ ወላጅ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሜዳሊያ አይቶ አይመለስ። የፋይት ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቆ በዚያ ቀን ይሂድና ነባሩ ቀበቶ ነጩን ሲገጥም ይመልከት። ነባሩ ፍጥነቱን ከቀነሰ ይክፈል፤ ካልቀነሰ የልጁን እጅ ይዞ ወደሚቀጥለው ክለብ ይለፍ።