የዳገቱ ሕግ፦ በየካ ልጅ ይዞ ቤት ስለመፈለግ የተደረገ ጥናት

ይህ ጥናት የሚሸፍነው ከመገናኛ ተነስቶ ሾላን፣ ቀበናን፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮንንና ኮተቤን አካሎ እስከ እንጦጦ ጋራ ወገብ የሚዘልቀውን አካባቢ ነው። የሚጠናው ፍጡር «ቤተሰብ» ይባላል፤ አባት፣ እናት፣ ለትምህርት የደረሰ ልጅና «ልጄ ጥሩ ትምህርት ቤት መግባት አለበት» የሚል ጽኑ አቋም ሲሟሉ ቤተሰብ ተገኘ ይባላል። ጥሩ ትምህርት ቤት ምን እንደሆነ ኋላ እንመለስበታለን። ቤተሰቡም ያሰበው ኋላ ሊመለስበት ነው።

በመስኩ የመጀመሪያው ክስተት የተመዘገበው እዚያው እንጦጦ አናት ላይ ነው። ምኒልክና ጣይቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከትመው ሳለ ብርዱ አላስቀምጥ አለ፤ ማገዶውም እየራቀ ሄደ። እቴጌይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው አገሩን ወደዱት፤ ምኒልክ ሐረር ዘምተው ሳለም ሰፈሩ ቁልቁል ተከተተ። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ከዚህ ሁለት መርሆች ይወሰዳሉ። አንደኛ፣ ሰፈር የሚመረጠው ባል ሥራ ላይ ሳለ ነው። ሁለተኛ፣ ሰው ከዳገት ይወርዳል እንጂ አይወጣም። የመጀመሪያው መርህ እስከ ዛሬ አልተነካም፤ ሁለተኛውን የቤት ኪራይ ገልብጦታል።

ከተማዋ ቀጥሎ ማገዶ ጨርሳ ወደ አዲስ ዓለም ጓዟን ልትጠቀልል ስትል፣ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በቶሎ አድጎ አስቀራት። በአዲስ አበባ የቤት ታሪክ «ልቀቅ» የተባለን ነዋሪ ባለበት ያቆየ ሽማግሌ እስካሁን የተገኘው ይህ ዛፍ ብቻ ነው። በዚያው ዘመን እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ሩሲያ በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ ለለጋሲዮኖቻቸው ሰፋፊ ቦታ ከአፄ ምኒልክ ተሰጣቸው። ደላላ አልነበረም፤ «ስንት ልጅ አላችሁ?» ያላቸውም የለም። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሁኔታ በየካ ግቢ ያገኘ ሰው ስለመኖሩ ጥናቱ መረጃ አላገኘም።

አሁን ወደ ሕጉ። የዳገቱ ሕግ እንዲህ ይላል፦ ቤት ከአስፋልት በራቀና ወደ ጋራው በወጣ ቁጥር ኪራዩ ይወርዳል፤ የልጁ መቀስቀሻ ሰዓት ደግሞ በዚያው ልክ ወደ ሌሊቱ ይጠጋል። ትምህርት የሚጀመረው 2 ሰዓት ከሆነ፣ መገናኛ አጠገብ ያለው ልጅ 1 ሰዓት ላይ ይነሳል። ጋራው ሥር ያለው ልጅ ግን 11 ሰዓት ላይ ካልሲው እንቅልፉ ውስጥ ሳለ ይገባለታል። ስለዚህ በአካባቢው ሁለት መገበያያ አለ፤ ብርና የልጅ እንቅልፍ። ቤተሰቡ በአንዱ የቆጠበውን በሌላው ይከፍላል። አባት ይህን ሒሳብ ሲሠራ የመጀመሪያውን መገበያያ ብቻ ነው የሚደምረው፤ ሁለተኛው በሰርቪስ መኪና መስኮት ላይ ተደግፎ፣ አፉን ከፍቶ ስለሚያልፍ በደረሰኝ አይመዘገብም። ሰርቪሱ መጀመሪያ የሚጭነው ከሁሉ ሩቅ ያለውን ልጅ ነው፤ ይህ ልጅ ከመምህሩ ይልቅ ከሾፌሩ ጋር ሰፊ ጊዜ ስላለው ስለ መገናኛ ትራፊክ ያለው እውቀት ከፍተኛ ነው።

ርቀት በደላላ ደንብ ይለካል። «ከአስፋልት 5 ደቂቃ» የሚባለው መለኪያ የተወሰደው ደላላው ባዶ እጁን ቁልቁል ሲወርድ ነው። በክረምት፣ ጀሪካን ተይዞ፣ ሽቅብ የተለካ ርቀት በማስታወቂያ ላይ ታይቶ አይታወቅም። «ውሃ አለ?» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ «ሮቶ አለ» ነው፤ ጠያቂው ይህ ለሌላ ጥያቄ የተሰጠ መልስ መሆኑን የሚረዳው ከገባ በኋላ ነው።

ጥሩ ትምህርት ቤት። ከወላጆች አነጋገር እንደተሰበሰበው መለያዎቹ፦ ስሙ ውስጥ «አካዳሚ» አለ፣ የልጁ ቦርሳ ከልጁ ይከብዳል፣ ክፍያው ጎረቤት ፊት ሲነገር ድምፅ ዝቅ ይላል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.2 በመቶ ገደማ ናቸው፤ ከአንድ ዓመት በፊት 3.3 ነበር። አኃዙ ሲሰማ አገር ደነገጠ። የድንጋጤው ውጤትም ታይቷል፤ ትምህርት ቤቶች ያለፉላቸውን ልጆች ፎቶ በባነር አሠርተው አጥር ላይ ሰቀሉ፣ ወላጅም ቤት ሲፈልግ ባነር ማንበብ ጀመረ። ባነሩ ላይ ፎቶው የሌለው ልጅ ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ ወላጅ እንደ ነገረኛ ይታያል። ከቤቱ ፊት ለፊት ያለውና የከተማ አስተዳደሩ ምገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ የሚያቀርብበት የመንግሥት ትምህርት ቤት በዚህ ጥናት አልተካተተም። ቤተሰቡም አላየውም፤ በሰርቪስ ሲያልፉ ገና አልነጋም።

ኮንዶሚኒየምን በአጭሩ እንለፈው፤ ጉዳዩ ራሱ ረጅም ነው። በ2005 ዓ.ም. 10/90፣ 20/80ና 40/60 ብለው ሲመዘገቡ ያልተወለደ ልጅ አሁን በቤቱ ጉዳይ አስተያየት ይሰጣል። በሐምሌ 2014 የወጣው ዕጣ መረጃው ተነካክቶ ተገኝቶ በመሰረዙ፣ ለጥቂት ቀን ባለቤት ሆነው የተመለሱ ወገኖች አሉ፤ ከእነሱ አንዱ ቤተሰብ የመጋረጃ ቀለም ላይ ተጣልቶ ያልታረቀ እንዳይኖር እሰጋለሁ። የካ አባዶ የደረሳቸው ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም፣ አንድ ወንበር ሳያነሱ ከየካ ወጥተዋል። ስሙ የካ የሆነው ሰፈር በየካ የለም።

የቀረው ኪራይ ነው፤ እዚህ ላይ ጥናቱ ትልቁን እንቆቅልሽ ያገኛል። ሦስት ክፍል ያለው፣ ግቢው የሚበቃ፣ ለትምህርት ቤት የሚቀርብ ቤት ለማን ተሠራ ቢባል፣ ልጅ ለሌላቸው ነው። ደላላው «ለአነስተኛ ቤተሰብ» ይላል፤ ሲተረጎም፣ ሰርጋቸው ካለፈ ወር ያልሞላቸው ማለት ነው። ከፈረንሳይ ሽቅብ ባለ አንድ ግቢ በአከራይዋ በእትዬ የተደረገው ቃለ መጠይቅ እንደሚከተለው ነው።

«ስንት ናችሁ ልጄ?»

«እኔና ባለቤቴ ነን እትዬ።»

«ልጅስ?»

«አንድ።» ሚስት መሬት መሬት ታያለች።

«ይባረክ! ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው።» እትዬ ትንሽ ዝም አሉ። «ውሃው ግን በፈረቃ ነው የሚመጣው።»

«ይባረክ» ከተባለ በኋላ «ግን» ካልመጣ ቤቱ ሌላ ችግር አለበት ብሎ መጠርጠር ይገባል።

የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። አዋጁ ያላሰበው አንድ ሰው ቢኖር ከአሜሪካ የሚመጣው ልጅ ነው። አከራይ ቤቱን ሲፈልገው ይህ ልጅ ይመጣል፤ በየካ ብቻ «ሊመጣ ነው» የተባለው ልጅ ሁሉ በአንድ ሳምንት ቢገባ ቦሌ ኤርፖርት አይችለውም።

እትዬ ግን በዚያ ቀን ከአሜሪካ ልጅ አልጠሩም። ስለ ኪራዩ ከተስማሙ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጁን የት ነው የምታስተምሩት?» አሉ። ተነገራቸው። «ሰርቪስ አለው?» «አለው።» ለካስ ከልጃቸው ጋር ያለው የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ሲፈለግለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ባነር አንብበው አንብበው ዓይናቸው ደክሟል። ሰርቪሱ በር ድረስ መጥቶ ሁለቱንም ልጆች እንዲጭን ስምምነት ተደረሰ፤ ውሉም በዚሁ ተፈረመ።

በሳምንቱ አያቱ ዘንድ የቆየው የባልና ሚስቱ ሁለተኛ ልጅ ፍራሹን አስይዞ ገባ። እትዬ በረንዳ ላይ ቆመው ከእግሩ እስከ ራሱ ካዩት በኋላ፣ ወደ እናቲቱ ዞረው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት። ሕፃኑ የ4 ዓመት ልጅ ነበር። የውሃው ሒሳብ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በአራት ሰው ሆነ።