ከበደሳ የሚታዘዝ ሙቀት

በደሳ ውስጥ የቤት ሙቀትን ከተቀመጡበት ሆኖ ማዘዝ ድሮም ነበር። ትልቁ ሰው ከመደቡ ሳይነሳ ያዛል፣ የቤቱ ትንሽ ልጅ ይፈጽማል። «በሩን መልሰው!» ካሉት ማሞቂያ ነው፤ «መስኮቱን ክፈተው፣ ታፈንን!» ካሉት ማቀዝቀዣ ነው። ባትሪ አይፈልግም፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ኳስ ሜዳ ከሄደ ጥሪ አይቀበልም።

አገራችን ወይና ደጋ ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም። ወደ ሚኤሶ ቆላ የሚወርድ ሰው መንገድ ላይ ኮቱን ያወልቃል፣ የጭሮን ዳገት ሲመለስ መልሶ ይለብሳል። ኅዳር ሲገባ ግን ጠዋትና ማታው ይቆነጥጣል። እማዬ ከሰሏን ውጭ አቀጣጥላ፣ ጭሱ ሲያልቅና ፍሙ ሲቀላ ታስገባለች፤ ያኔም በሩን ገርበብ ታደርገዋለች። ፍም የሆነ ከሰልም ቢሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣልና፤ ሽታ የለውም፣ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይወስዳል። እማዬ የጋዙን ስም አታውቅም፤ ጠባዩን ግን ታውቃለች።

ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። ከሐረርጌ ፀሐይ ተነስቶ ያን በረዶ ለምን እንደመረጠ እስካሁን አልገባኝም፤ ጥር ላይ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መውረዱ እዚያ ብርቅ አይደለም። ቢሆንም የቤት ሙቀት መቆጣጠሪያ ካደገባቸው ከተሞች አንዷ እሷ ናት። በ1885 እ.ኤ.አ. አልበርት በትዝ የተባለ የስዊዘርላንድ ተወላጅ፣ ቤቱ ሲቀዘቅዝ የምድጃውን የአየር መግቢያ በራሱ የሚከፍት፣ ሲሞቅ የሚዘጋ መሣሪያ ሠራ። እማዬ በማራገቢያ የምትሠራውን ሥራ ማለት ነው። እዚያው ሚኒያፖሊስ የጀመረው ኩባንያ ውሎ አድሮ ሃኒዌል ሆነ።

ወንድሜ ቤት ያለው ደግሞ የዚያ የልጅ ልጅ ነው። ስልኩን ሲነካ ትእዛዙ በኢንተርኔት አድርጎ የአምራቹ ኮምፒውተር ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ በቤቱ ዋይፋይ ገብቶ ግድግዳ ላይ ያለችውን ክብ ነገር ያዛል። ሥራ ላይ እያለ ባዶ ቤቱን ያቀዘቅዛል፤ ወደ ቤት ሲነሳ ያሞቃል።

ይህን ለእማዬ በቪዲዮ ሊያሳያት ደወለ። «ይኸው እማዬ፣ 68 ላይ አድርጌዋለሁ» አለ። ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡት የሳይንስ መምህር፣ ቡና እየጠጡ ነበር። ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«68 ዲግሪ ላይ እንቁላል ይረጋል!»

«ልጄ በቁሙ ተቀቀለ!» እማዬ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

አሜሪካ የሚለካው በፋራናይት መሆኑን ወንድሜ እስኪያስረዳ ድረስ ቤቱ ተረበሸ። መምህሩ እርሳስ አስመጥተው 32 ቀነሱ፣ በ5 አባዙ፣ ለ9 አካፈሉ፤ «20 ነው፣ አይዞሽ» አሉ። እማዬ ግን አሁን ባሰባት። «ሃያ ብቻ? በዚያ በረዶ? ጨምርበት እንጂ!»

ጨመረ። ከዚያ ወዲህ የሚኒያፖሊሱ ቤት የሚታዘዘው ከበደሳ ነው። በክረምታቸው ዘጠኝ ሰዓት እንቀድማቸዋለን፤ እማዬ ቁርሷን በልታ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ «ስንት ላይ ነው?» ብላ ስትደውል እዚያ እኩለ ሌሊት ነው። የጋዝ ሂሳቡ ከፍ ሲል ወንድሜ ለአምራቹ አቤት አይልበት ነገር፣ መሣሪያው ጤነኛ ነው።

እሱም በተራው እማዬን ከሩቅ ለማሞቅ ሞከረ። በመንገደኛ ሂተር ላከ። እማዬ መርቃ ተቀበለችውና ከነፕላስቲኩ ቡፌ ውስጥ፣ ከደህናዎቹ ሲኒዎች አጠገብ አስቀመጠችው፤ ለእንግዳ። ቀጥሎ «ጋቢሽን ልበሺ» እያለ ይደውል ጀመር። «አልበረደኝም» ትለዋለች። ቸገረውና መምህሩን ሾመ፤ «መምህር፣ እስቲ ማታ ማታ ጎራ ብለው ይዩልኝ።» መምህሩ በታማኝነት ይመጣሉ፣ ከአቦል እስከ በረካ ይጠጣሉ፣ ከዚያ «ለብሳለች፣ አታስብ» ብለው ይደውላሉ። ቡናውን የምታፈላው ተመርማሪዋ ስለሆነች ሪፖርቱ ተለውጦ አያውቅም።

አሁን ነገሩ በስምምነት የተያዘ ይመስላል። ወንድሜ ሂሳቡን ፈርቶ ሙቀቱን ይቀንሳል፤ እማዬ ስትደውል እሷው የላከችለትን ጋቢ ደርቦ ይቀርባል። እማዬም ስልኩ አጠገብ በተሰቀለ ጋቢ ተጠቅልላ ትቀርባለች፤ ስልኩ ሲዘጋ ሁለቱም ያወልቃሉ። ባለፈው ግን እማዬ ስክሪኑን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«አንተ፣ ይሄ ጋቢ ከሻንጣ የወጣው አሁን ነው፤ እጥፋቱ እንኳ አልተፈታም። በል ጨምርበት!»

ጨመረ። የእሷም ጋቢ ተገልብጦ መደረቡን ቢያይ ኖሮ መልስ ባላጣ ነበር፤ ነገር ግን ካሜራውን የምይዘው እኔ ነኝ፣ እራቴን የምበላው ደግሞ እዚህ ነው።