ሐተታ ዘሩጫ ወዕረፍት

ለልብና ለሳንባ ጤና ሲባል የሚደረገው እንቅስቃሴ፣ የከተማ ሰዎች ካርዲዮ የሚሉት፣ ባንድ ልክ ሳያቋርጡ ከሚፈጽሙት ይልቅ እየፈጠኑና እየዘገዩ ቢያደርጉት የበለጠ እንደሚበጅ የውጭ አገር ሊቃውንት ከመሰከሩ ወዲህ፣ ኢንተርቫል የሚባለው ሥርዓት በአዲስ አበባ ጂሞች በወርኃዊ ክፍያ፣ በእንጦጦና በሱሉልታ ደግሞ በአሠልጣኝ ፊሽካ እየተሰጠ ይገኛል። በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር የሚኖረው ሕዝብ ግን ይህንኑ ሥርዓት ያለ ክፍያና ያለ ፊሽካ፣ ስሙን እንኳ ሳያውቀው፣ ከአባቶቹ ተቀብሎ ሲፈጽመው መኖሩን ልብ ያለ ጸሐፊ ባለመገኘቱ፣ ምንም እንኳ ዕድሜዬ ለመሮጥ ሳይሆን የሮጡትን ለመተረክ የሚመጥን ቢሆን፣ ጉድለቱን በአቅሜ ለመሙላት ተነሣሁ።

ለዚህ ድካም ያነሣሣኝ የእኅቴ ልጅ ነው። በሚያዝያ ወር ከአዲስ አበባ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ ከወንዙ ዳር እስከ ቤቴ ያለችውን ዳገት ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ሰማና፣ በክንዱ ያሰረውን ጥቁር ሰዓት እየዳበሰ «ጋሼ፣ ልብዎ ሰንፏል፤ ኢንተርቫል ያስፈልግዎታል» አለኝ። እኔም የመድኃኒት ስም መስሎኝ፣ የሚወሰደው ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብዬ ጠየቅሁት። «በፊት ነው» ሲል መለሰልኝ፤ ኋላ በራሴ ላይ እንዳረጋገጥሁትም እውነቱን ነበር።

ከነገሩ አስቀድሞ ስሙን መመርመር የአባቶች ልማድ ነውና ከቃሉ እንጀምር። ኢንተርቫል ከሮማይስጥ የተገኘ ቃል ሲሆን፣ «ኢንተር» መካከል፣ «ቫሉም» ደግሞ የጦር ሰፈር ቅጥር ማለት ነው፤ ሁለቱ ሲጋጠሙ በቅጥርና በቅጥር መካከል ያለውን ባዶ ስፍራ ያመለክታሉ። ይህን በአንድምታ ስንፈታው፦ በቅጥርና በቅጥር መካከል አለ፣ ሯጭ በሩጫና በሩጫ መካከል የሚያርፍበት ጊዜ ነውና፤ አንድም፣ ጎረቤትና ጎረቤት አጥር ተደግፈው የሚያወጉበት ስፍራ ነውና፤ አንድም፣ ከዘንድሮው ዝናብ እስከ ከርሞው ዝናብ ገበሬ የሚጠብቅበት በጋ ነውና። በሦስቱም ፍች ልብ ሊባል የሚገባው፣ ስሙ የወጣው ለሩጫው ሳይሆን ለዕረፍቱ መሆኑ ነው። ነገሩ ሁሉ በዕረፍት ስም ተጠርቶ ሳለ፣ የከተማ ሰው ፊሽካ በተነፋ ቁጥር ስለ መነሣት ብቻ መጨነቁ፣ የበዓሉን ስም ትቶ ስለ ዋዜማው ብቻ እንደሚያወራ ሰው ያስቆጥረዋል።

ይህም የእኔ ፍልስፍና ብቻ አይደለም። በጀርመን አገር፣ በፍራይቡርግ ከተማ፣ ቮልደማር ጌርሽለር የተባለ አሠልጣኝና ኸርበርት ራይንደል የተባለ የልብ ሐኪም ተማክረው፣ ልብ የሚጠነክረው በሩጫው ሰዓት ሳይሆን ከሩጫው በኋላ ባለችው አጭር ዕረፍት ነው ብለው አስተማሩ። ቀኖናቸውም፣ ሯጩ የልቡ ምት በደቂቃ ወደ 180 እስኪደርስ ይሩጥ፣ ከዚያም ወደ 120 እስኪወርድ ይረፍ፣ በ90 ሰኮንድ ውስጥ ካልወረደለት ግን ሩጫው በርትቶበታልና ይቀነስለት የሚል ነበር። የጌርሽለር ደቀ መዝሙር ሩዶልፍ ሃርቢሽ እ.ኤ.አ. በ1939 በሚላኖ 800 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ46.6 ሰኮንድ ሮጦ ያቆመውን ክብረ ወሰን፣ 16 ዓመት ሙሉ የደፈረው አልተገኘም። ቼኩ ኤሚል ዛቶፔክ ደግሞ 400 ሜትርን በአንድ ቀን 20 ጊዜና ከዚያም በላይ እየደጋገመ፣ አንዳንድ ጊዜም የወታደር ቦት ጫማ ተጫምቶ እየሮጠ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትርን፣ 5,000 ሜትርንና ማራቶንን አከታትሎ አሸነፈ። በስዊድን ጎስታ ሆልሜር ፈጥኖ መዘግየትን እንደ ጨዋታ አድርጎ ፋርትሌክ ሲለው፣ ቃሉ ተሻግሮ ዛሬ በእንጦጦ ጫካ የሚሮጡ ልጆቻችን እንደ እናት ቋንቋቸው ይጠሩታል።

ከዚያው አገር የመጣው ኦኒ ኒስካነን ያሠለጠነው የክቡር ዘበኛው አበበ ቢቂላ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ማሸነፉን የማያውቅ የለም። በዚህ ሐተታ ግን የሚያሳስበን ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ የሆነው ነገር ነው፤ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ሁለት ወር ሳይሞላው ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ፈጽሞ፣ ሌላው ሯጭ ገና በመንገድ ላይ ሳለ፣ እሱ በሣሩ ላይ ተጋድሞ እግሩን ወደ ሰማይ እያነሣ አካሉን ያፍታታ ጀመር። ተጋድሞ ሳለ አለማረፉ በሽንፋ ዛፍ ጥላ ሥር ለሚቀመጡ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ያልተፈታ ምሥጢር ነው፤ የጀግናውን ክብር ስለሚጠብቁም ኑፋቄ ከማለት ተቆጥበው፣ «ሣሩ ቀዝቃዛ ኖሮ ይሆናል» እያሉ ያልፉታል።

የሽንፋ ሰው ከፍራይቡርግ መማር አላስፈለገውም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በጆን ካፕልማን የሚመሩ ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ ሽንፋ መተማ 1 ብለው በሰየሙት የወንዝ ዳር ስፍራ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች እንደ ኖሩበት፣ ዘመኑም በሱማትራ ደሴት ቶባ የተባለው እሳተ ገሞራ የፈነዳበት መሆኑን በአፈሩ ውስጥ የተገኙ፣ ያለ አጉሊ መነጽር የማይታዩ የመስተዋት ብናኞች እንደ መሰከሩ ገልጸዋል። ወንዙ በበጋ ሲቆራረጥና ኩሬ ኩሬ ሲሆን፣ እነዚያ ሰዎች በኩሬው የተያዘውን ዓሣ እያወጡ ይበሉ፣ እሱም ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ኩሬ ይሻገሩ ነበር ይባላል። ከፍንዳታው በኋላ የሚበሉት ዓሣ መጨመሩም ተመዝግቧል። ተመራማሪዎቹ ይህን የመላመድ ጥበብ አድርገው ሲያደንቁት፣ እኔ በበኩሌ የምጨምረው ትንሽ ነው፤ አጋዘን እያሳደደ የኖረ ሰው፣ መውጫ የሌለው ኩሬ ውስጥ ያለ ዓሣ ባየ ጊዜ የተሰማው ደስታ የሆድ ብቻ አይመስለኝም። በስፍራው የተገኙት ባለ ሦስት ማዕዘን ትናንሽ የድንጋይ ስለቶችም የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሏል፤ ቀስት ማለት ደግሞ፣ በአጭሩ፣ ሰው ቆሞ ሳለ እንዲሮጥለት የላከው ነገር ነው።

ወንዙ ራሱ የሥርዓቱ የመጀመሪያ መምህር ይመስለኛል። በሐምሌና በነሐሴ እንደ ፈረስ ጋልቦ፣ ዛፍ ነቅሎ፣ ራሃድ በሚል ስም ሱዳን ዘልቆ ከዓባይ ይቀላቀላል፤ በጋ ሲገባ ግን እንደ ደከመው ሰው እዚህም እዚያም ቁጭ ቁጭ ይላል። በዓመት አንድ ሩጫ፣ አንድ ዕረፍት፤ ልቡም እስከ ዛሬ አልደከመም።

ሕዝቡ ከወንዙ የተቀበለውን ሥርዓት በሥራው ላይ አስፋፍቶታል። ሰሊጥ ጊዜ የማይሰጥ አዝመራ ነው፤ ፍሬው ጨርሶ እስኪደርቅ የጠበቀ ሰው ቅርፊቱ ተከፍቶ ዘሩ መሬት ላይ ሲፈስ ስለሚያገኘው፣ ገና ቢጫ ቢጫ ሲል በጥድፊያ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ነዶው ተደጋግፎ ይቆማል። ከዚህ በኋላ ፀሐይ እስኪያደርቀው ድረስ ሰውም ሰሊጡም ቆመው ይጠባበቃሉ፤ ሲደርቅ ነዶውን በሸራ ላይ ዘቅዝቆ ማራገፍ ነውና ጥድፊያው እንደገና ይነሣል። ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ይህን ለመፈጸም የሚያወጣውን ላብ ያየ ሰው፣ በአዲስ አበባ ብረት ማንሣት ገንዘብ የሚያስከፍለው ስለ ምን እንደ ሆነ መጠየቁ አይቀርም። በክረምት ደግሞ ዋልካው በየእርምጃው እግር ላይ እየተደረበ ስለሚሄድ፣ መቶ እርምጃ የሄደ ሰው ቆሞ በእንጨት መፋቅ ግድ ይሆንበታል፤ የዛቶፔክ ቦት ጫማ የቱንም ያህል ቢከብድ በመንገድ ላይ እንደማይወፍር ልብ ይሏል።

ወባንም መርሳት አይገባም። ከወባ ዓይነቶች አንዷ በየ48 ሰዓቱ ተራዋን ጠብቃ እየመጣች፣ በሽተኛውን አንቀጥቅጣ፣ አንድዳ፣ በላብ አጥባ፣ የልቡን ምት ያለ አንዳች ሩጫ ከፍራይቡርግ ደረጃ አድርሳ፣ ሁለተኛው ቀን እንዲያርፍ ትተወዋለች። በሥርዓት አክባሪነቷ ከብዙ አሠልጣኝ ትሻላለች፤ ግን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንጂ እሷን መከተል አልመክርም። በሰሙነ ሕማማትም ምእመኑ በነግህ፣ በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ11 ሰዓት ተሰብስቦ እየሰገደ፣ በየመካከሉም ቆሞ ንባብ እየሰማ ሲውል፣ አምስት ዙር ያለው የተሟላ ልምምድ መሆኑን የእኅቴ ልጅ ራሱ አምኗል፤ እሱ ግን ሦስተኛው ዙር ላይ አጥሩን ተደግፎ ነበር።

አሁን በራሴ ላይ ወደ ፈጸምሁት ሙከራ ልለፍ። የእኅቴ ልጅ መጀመሪያ ያቀረበልኝ እ.ኤ.አ. በ1996 ኢዙሚ ታባታ የተባለ ጃፓናዊ ሊቅ ጥናት ያወጣበትንና በስሙ የሚጠራውን ሥርዓት ሲሆን፣ ይህም 20 ሰኮንድ ባለ በሌለ ኃይል፣ 10 ሰኮንድ ዕረፍት፣ ስምንት ጊዜ ማለት ነው። ጎረቤቴ የሆኑት አዛውንት ሲነገራቸው ሰምተው፣ «አሥር ሰኮንድ እንኳን ለዕረፍት ለመቀመጫም አይበቃ፤ ከመሬት ሳትደርስ ተነሥ ይሉሃል» ስላሉ ተውነው። ቀጥሎ የኖርዌዮቹን አመጣ፤ 4 ደቂቃ በብርቱ፣ 3 ደቂቃ በዝግታ፣ አራት ጊዜ። ይህ ከእኛ ጠባይ ጋር የሚስማማ ቁጥር ስለ መሰለኝ፣ በማግስቱ ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ከወንዙ ዳር ተነሣን።

አንድ ደቂቃ ያህል እንደ ሮጥሁ የማውቃቸው አንዲት እናት ገጠሙኝ። ታላቅን ሰው በሩጫ ማለፍ ነውር ነውና ቆምሁ፤ እንዴት አደሩ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ሙቀቱ፣ የጎንደሯ ልጅዎ፣ እየተባባልን እግዚአብሔር ይመስገን ስንደራረስ 4 ደቂቃ አለፈ። የኖርዌዮቹን 4 ደቂቃ ሳላፈርስ ከሩጫው ወደ ዕረፍቱ ብቻ አዛወርሁት ማለት ነው። የልቤ ምት ከ120 ወርዶ ነበር፤ ነገር ግን ወሬው መካከል ላይ ስለ ነበረ መነሣት አልተቻለም። በዚህም ጌርሽለርና ራይንደል ያላሰቡትን ነገር ለመመዝገብ በቅቻለሁ፤ ዕረፍት የሚለካው በልብ ምት ብቻ ሳይሆን በይሉኝታም ነው።

ሁለተኛው ዙር ሳይታሰብ በማኅበር ሆነ። በእኛ አገር በዕድሜ የገፋ ሰው ሲሮጥ ከታየ፣ ወይ ቤት ተቃጥሏል፣ ወይ ከብት ተነድቷል፣ ወይ ሰው ሞቷል ማለት ነውና፣ የመጀመሪያው ሰው ዱላውን ይዞ ተከተለኝ፤ እሱን ያየው ሁለተኛው ተከተለው፤ ከትልቁ ኒም ዛፍ ስደርስ ዞር ብል፣ አሥራ አንድ ጎልማሶች ዱላ በትከሻ ይዘው ከኋላዬ ይሮጣሉ። «ሌባው የታለ?» አለ አንደኛው። የእኅቴ ልጅ ስለ ልብ ጤና ሊያስረዳቸው ሞከረ። ዝም ብለው አደመጡት፤ ሲጨርስ ያው ሰው ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምን ወሰደባችሁ?» ሲል ጠየቀኝ። ባለ ዱላዎቹ ሁሉ ከጥላው ሥር እያለከለኩ ተቀመጡ፤ በሰዓቱ ቢለኩ ኖሮ የዕለቱን ልምምድ የሚገባውን ያህል የፈጸሙት እነሱ ነበሩ።

ሦስተኛው ዙር ከቤቴ ደጃፍ ካለው ማንጎ ላይ አበቃ። ልቤ ወደ 120 እስኪወርድ ልጠብቅ ብዬ ጋደም አልሁና፣ ስነቃ 62 ሆኖ አገኘሁት፤ ፀሐይዋም አናት ላይ ደርሳ ነበር። ጠቅላላው ሩጫ 3 ደቂቃ ስለ ነበረ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ጠንከር ላለ እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 75 ደቂቃ ይገባል ባለው መሠረት ሲሰላ፣ የሳምንቱን ግዴታ በ25 ቀን እንደምፈጽም ተረጋግጧል።

የእኅቴ ልጅ ግን በውጤቱ አልረካም። ሥርዓቱን በትክክል ላሳያችሁ ብሎ በ8 ሰዓት፣ በሚያዝያ ፀሐይ፣ ብቻውን ወጣ። የቆላ ሙቀት ልብን ሁለት ጌታ እንደሚያስገዛት፣ ደሙን ለጡንቻም ለማቀዝቀዣ ወደ ቆዳም መላክ ስለሚገባት በዝግታ እንኳ ሲሮጡ ምቷ እንደሚንር፣ የሽንፋ ውሻ ሁሉ ያውቃል፤ በዚያች ሰዓት አንድም ውሻ ከጥላ አልወጣም። ልጁ በአራተኛው ዙር ፊቱ በርበሬ መስሎ፣ ግድግዳ እየተደገፈ ተመለሰ። አስቀምጠን ውኃ ስናፈስበት በክንዱ ያለው ሰዓት ድንገት ጮኸ። ምን አለ ብዬ ብጠይቀው፣ የሮጠውን ቆጥሮ የሚያስፈልገውን ዕረፍት እንደሚነግር፣ አሁንም 72 ሰዓት እንዲያርፍ እንዳዘዘው በደከመ ድምፅ ነገረኝ።

ቡና እየቆሉ የነበሩት ጎረቤታችን ይህን ሲሰሙ ማማሰያውን ከምጣዱ አነሡና፣ ሰዓቱን አጎንብሰው ካዩት በኋላ፣ «ልጄ፣ ይኸን እንዲነግርህ ስንት ከፈልህ?» አሉት።