«ቶሎ ሙላልኝ!» ላልከው ወንድሜ

ባትሪህ ከመድከሙ የተነሳ ቁልፍ ስታዞር ሞተሪኖው «ነገ ና» ይልሃል አሉ! ይባስ ብለህ ቻርጀር ልትገዛ ሄደህ ምን አልክ?

«ጋሼ፣ ትልቁን ስጠኝ፣ ቶሎ ይሙላ!»

ቶሎ የሚሞላስ ብርጭቆ ነው! ያንተ ባትሪ 60 አምፔር-ሰዓት ነው፤ የአቅሙ አንድ አስረኛ፣ 6 አምፔር ገደማ ይበቃዋል። 30 ብትለቅበት ይግላል፣ ይፈላል፣ የእርሳስ ሰሌዳው ይረግፋል። አንተ ሌሊቱን ሙሉ ተኝተህ ልታድር፣ እሱን ምን አስቸኮልከው?

«ይሄኛውኮ ግማሽ ዋጋ ነው።»

ማቆም ስለማያውቅ ነዋ! የድሮው ባለትራንስፎርመር ባትሪው ሞላ አልሞላ ግድ የለውም፤ ካልነቀልከው ውሃውን ጋዝ አድርጎ ይጨርሰዋል። ራሱን የሚቆጣጠረው 14.4 ቮልት ገደማ ላይ ይይዝና አምፔሩ ሲቀንስ ወደ 13.6 አካባቢ ይወርዳል። እሱን ግዛ።

«ሻጩ ለሁሉም ባትሪ ይሆናል ብሎኛል።»

ለሻጩማ ሁሉም ይሆናል! ጄል ባትሪ ከ14.2 ብዙ ካለፈ ውስጡ ይበላሻል፤ ከፍተህ ውሃ አትጨምርለት ነገር። የጄል ምርጫ ቻርጀሩ ላይ መጻፉን በዓይንህ እይ። አይሱዙህ ደግሞ ሁለት ባትሪ አያይዞ 24 ቮልት ነው፤ በ12ቱ ቻርጀር ከሆነ ፈተህ ለየብቻ ሙላቸው።

«አረንጓዴው በርቷል፣ ሞልቷል።»

መብራቱን ተወውና ቴስተሩን ጠይቅ! ነቅለህ ጥቂት ሰዓት አሳርፈው፤ 12.6 ወይም 12.7 ካነበበ ሞልቷል፣ 12.2 ካለ ግማሽ ላይ ነህ።

«የቧንቧ ውሃ ጨመርኩበት፤ ውሃ ያው ውሃ ነው።»

የቧንቧው ማዕድን አለበት፣ ሰሌዳውን ይጎዳል። የባትሪ ውሃ ብቻ! ሰሌዳው ከተሸፈነ ደግሞ ውሃ ሳትጨምር ቻርጅ አድርግና የጎደለውን ኋላ ጨምር፤ ባትሪው ሲሞላ ውሃው ከፍ ይላልና።

«ሲጋራዬን ላጥፋው እንዴ?»

ኮፈኑን ሳትከፍት! ይህን በቀልድ አትስማኝ። የሚወጣው ሃይድሮጅን ነው፤ አየሩ ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ አንዲት ፍንጣሪ ታፈነዳዋለች፣ አሲዱ ዓይንህ ላይ ነው። ቀዩን መቆንጠጫ ፖዘቲቩ ላይ፣ ጥቁሩን ከባትሪው ራቅ አድርገህ ሻንሲው ላይ፣ ሶኬቱን መጨረሻ። ስትነቅል ሶኬቱን መጀመሪያ። መቆንጠጫው ሲነካ «ጠሽ» የምትለዋን ብልጭታ ከባትሪው አፍ አርቃት።

«መብራት ሄዶ ቢመጣስ?»

አሁን ገና ጠየቅክ! አንዳንዱ ቻርጀር መብራት ሲመለስ የመረጥክለትን ረስቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ጠዋት ባዶ ባትሪ ታገኛለህ። ሳትከፍል እዚያው ሱቁ ውስጥ ባትሪ ላይ አስይዘህ አስጀምረው፣ ሶኬቱን ንቀልና መልሰህ ሰካው። ካልቀጠለ ለሻጩ መልስለት።