ራት በስምንት ሰዓት

ከአንድ ትሪ የሚበሉ ሰዎች ያልተጻፈ ሕግ አላቸው። ቀድሞ የጠገበ ቀድሞ እጁን አይሰበስብም። የእንጀራውን ጠርዝ እየቆነጠረ፣ ቃሪያውን እያገላበጠ፣ ጓደኛው እስኪበቃው ይጠብቃል። ነገሌ ቦረና ላይ ይህን ሕግ ጉጂውም፣ ቦረናውም፣ ሶማሌውም፣ ባለሱቁ ጉራጌም፣ ከጎንደር ተመድቦ የመጣው አስተማሪም ያውቀዋል። የማያውቀው ነገር ቢኖር የመሥሪያ ቤታችን የሒሳብ ሹም ስልክ ነው።

ስልኩ ልክ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይጮኻል። እኛ ደግሞ ስብሰባ በሚወድ መሥሪያ ቤት ስለምንሠራ ለምሳ የምንወጣው ሰባት ተኩል ላይ ነው። የፍየል ጥብሱ ተጠብሶ እስኪመጣ ለስምንት አሥር ጉዳይ ይሆናል። ሸክላው ገና እየተንጫጫ፣ ሽንኩርቱ ሳይረግብ፣ ስልኩ ጢው ይላል። ሰውዬው ሊጎርስ የጠቀለለውን ትሪው ላይ መልሶ ያስቀምጠዋል። አዎ፣ መልሶ! ከዚያ ጣቶቹን በሶፍት አንድ በአንድ ይጠርግና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ «በቃ፣ ራቴን በላሁ» ይላል።

«ምነው ጋሼ፣ ጨው በዛበት እንዴ?» ይላሉ የምግብ ቤቱ ባለቤት።

«የለም እትዬ፣ ሰዓቴ ደርሶ ነው።»

«ስኳር አለብዎት?»

«እንዳይኖርብኝ ነው።»

ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ማድቤት ይመለሳሉ። እኔ ከግማሽ ኪሎ ጥብስ ጋር እቀራለሁ። ብቻዬን ቢተወኝ እንኳ ደግ ነበር። እሱ ግን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ስለ ኢንሱሊን ያወራኛል። ስለ ኢንሱሊን እየተወራለት ጥብስ የጣመው ሰው ካለ ይንገረኝ።

ነገሩ ስልኩ ላይ በጫነው አፕ እየተመሩ በጊዜ መብላት ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት የሚበላው ሁሉ ይበላል፤ ከዚያ እስከ ማግስቱ ጠዋት ድረስ 18 ሰዓት ሙሉ ከውሃና ከጥቁር ቡና በቀር ምንም የለም። መጾሙን አልነቅፍም። ለምእመኑ በዓመት 180 ቀን ገደማ ጾም በታወጀበት አገር የጾመ ሰው ብርቅ አይደለም። የእኔ ቅሬታ ከትሪው ጋር ነው።

ማስረጃ የለውም አልልም። በ2018 እ.ኤ.አ. የአላባማ ዩኒቨርሲቲዋ ኮርትኒ ፒተርሰንና ባልደረቦቿ ስኳር በሽታ አፋፍ ላይ የደረሱ 8 ወንዶችን ለአምስት ሳምንት በስድስት ሰዓት ውስጥ ብቻ አበሏቸው። ራታቸው ከእኛ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ማለቅ ነበረበት። ክብደታቸው ሳይቀንስ የደም ግፊታቸው ወረደ፣ ሰውነታቸውም ለኢንሱሊን ይታዘዝ ጀመር። ጥሩ ነው፤ ግን ስምንት ሰው! የእኛ ሰፈር ዕድር ድንኳን ለመትከል እንኳ ከዚያ የበለጠ ሰው ይጠራል።

እኔን የገረመኝ ያ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አባቶቻችን ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹሙ አሉን። አላባማ በዘጠኝ ትዘጋለች፣ ቤተ ክርስቲያን በዘጠኝ ትከፍታለች። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ሙስሊም ጎረቤቶቼ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠብቀው በተምርና በሳምቡሳ ያፈጥራሉ፤ ሌሊትም ለሱሁር ይነሣሉ። በሁለቱም ወገን ጾሙ ይቀድማል፣ መብሉ ይከተላል። የሒሳብ ሹማችን ጾም ግን ከሁለቱም ጋር ያልተዋወቀ ጾም ነው። ሰው ሲያፈጥር እሱ አፉን ይዘጋል፣ ዓርብ ጠዋት ሰው አፉን ሲዘጋ እሱ «ቁርስ አንበላም?» ይላል።

ይህ ብቻ ቢሆን በቻልኩት። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ተጨመረበት።

አማቼ የከብት ነጋዴ ነው። ከነገሌ ገበያ ወይፈን ገዝቶ ወደ አዳማ ይጭናል። የሒሳብ ሹሙ በቴሌግራም አንድ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሥዕል ላከለት፤ ሥዕሉ ላይ በትልቁ «8–2» ይላል። አማቼም እንደማንኛችንም አነበበው፤ ከቀኑ ስምንት እስከ ምሽቱ ሁለት። በማግስቱ ስልኩ ላይ አላርም ሞላና ጀመረ። ጠዋቱን ምራቁን እየዋጠ ገበያ ይውላል፣ ስምንት ሰዓት ሲሆን ይቀርባል፣ ለምሽቱ ሁለት አምስት ጉዳይ ላይ የመጨረሻዋን ጥሬ ሥጋ አውርዶ ቢላዋውን ያስቀምጣል። ከአንድ መመሪያ ተነሥተው አንዱ ቀኑን ይበላል፣ አንዱ ማታውን። ሁለቱም ቀበቷቸውን አንድ ቀዳዳ አጥብቀዋል። ሁለቱም ፈረንጅን ያመሰግናሉ።

የተጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው ብዬ ለአማቼ ልነግረው አልኩና ተውኩት። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ የሳን ፍራንሲስኮ ሐኪሞች ጥናት 116 ሰዎችን ይዞ ነበር። ከቀኑ ስድስት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ብቻ የበሉትን በቀን ሦስቴ ከበሉት ጋር ሲያነጻጽር በክብደት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። የአማቼን ቀበቶ ያጠበቀው እንግዲህ ምን እንደሆነ የወይፈን ዋጋ ይመስክር።

ባለቤቴ አንድ እሁድ ሁለቱንም ምሳ ጠራቻቸው። ሁለቱ አብረው ሊቀርቡ የሚችሉት በአንዲት ደቂቃ፣ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ዶሮው ዘግይቶ ወጣ። የአንዱ ስልክ ጢው አለ፣ የሌላውም ጢው አለ። አንዱ እጁን ሊታጠብ ተነሣ፣ ሌላውም እጁን ሊታጠብ ተነሣ፤ ያኛው ጨርሶ፣ ይኼኛው ሊጀምር። ማስታጠቢያው ላይ ተላተሙ። ባለቤቴ ጭልፋውን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። የማየው ወንድሟን ነው ወይስ እንግዳዬን? ድስቱን አየሁ።

ጥፋቱ የሰዓታችን ነው የሚል አይጠፋም። ሞያሌ ሄዶ ይይ። ድንበሩን ተሻግሮ ኬንያ በኩል በስዋሂሊ ሰዓት ቢጠይቅ፣ እኛ ስምንት የምንለውን እነሱም ስምንት ይሉታል። ድንበሩ ገንዘቡንና ፖሊሱን ለየ እንጂ ሰዓቱን አልለየም። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ብዙም ሳትርቅ በምትወጣበትና በምትገባበት አገር ቀን ከንጋት ቢቆጠር ምኑ ይገርማል? በ2017 እ.ኤ.አ. ሦስት አሜሪካውያን የኖቤል ሽልማት የወሰዱት በሰውነታችን ውስጥ ያለው ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ስላሳዩ ነው። ያ ሰዓት ደግሞ በዋናነት የሚስተካከለው በብርሃን ነው። ታዲያ ለሰውነት የሚቀርበው ማን ነው? ቀኑን ጅብ በሚዞርበት እኩለ ሌሊት የሚጀምረው ስልክ ነው ወይስ እኛ? ይህን ለሒሳብ ሹሙ አስረድቼው «በሚቀጥለው አፕዴት ይስተካከላል» አለኝ።

ደግሞ በምግብ ነገር ነገሌ ላይ መቀለድ አያዋጣም። የዛሬ ልጆች ረስተውት ይሆናል እንጂ የ1966ቱ አብዮት የተጫረው እዚሁ፣ ከወታደር ማዕድ ላይ ነው። ጥር 4 ቀን 1966 እዚህ የሰፈሩት ወታደሮች አመፁ። ምግቡ የማይበላ ሆኖባቸዋል። የውሃ ጉድጓዳቸው ፓምፕ ተበላሽቷል፤ መኮንኖቹ ደግሞ ከእኛ ጉድጓድ አትቀዱም ብለዋል። ቢቸግራቸው አለቆቻቸውን አሰሩና ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት አሉ። ጃንሆይ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ላኩ። እንግዳ መቼም ሳይበላ አይሸኝም። ወታደሮቹ ጄኔራሉን ይዘው አስቀመጡና ከሚበሉት አበሏቸው፣ ከሚጠጡትም አጠጧቸው። «በሞቴ» ሳይሉም አልቀሩም ብዬ እጠረጥራለሁ። ጄኔራሉ ታመሙ። አመፁ ከጦር ሰፈር ወደ ጦር ሰፈር እየተዛመተ አስመራ ደረሰ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይ ከዙፋናቸው ወረዱ። የወሎ ረሃብ ነበረበት፣ የነዳጅ ዋጋ ነበረበት፣ የመምህራኑ አድማ ነበረበት፤ አውቃለሁ። የታሪክ አስተማሪያችን ይህን ሁሉ ዘርዝሮልኛል። የነገሌ ሰው ሆኜ ግን ከዚያ ትሪ አልወርድም። ልብ በሉ፣ ወታደሮቹ የተጣሉት በሰዓቱ አልነበረም። ትሪው ላይ በቀረበው ነው።

ከሒሳብ ሹሙ ጋር የምር የተጣላሁትም በዚሁ ነው። ለሥራ ከያቤሎ ወደ ሞያሌ ስንወርድ ስልኩን አወጣና የወርቅ ሜዳሊያ ሥዕል አሳየኝ። ሳምንቱን ሙሉ ራት ባለመብላቱ አፑ የሸለመው ነው። «አየህ፣ ራት እኮ ትርፍ ነው። ሰው ያለ ራት ይኖራል» አለኝ። የምናልፈው ዱብሉቅን ነበር። ዱብሉቅ! ከ2013 እስከ 2015 አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ሲከሽፍ ከብታቸው ያለቀባቸው ቦረናዎች በላስቲክና በጨርቅ ጎጆ የሰፈሩበት ቦታ። በዚህ አገር ራት በእግሩ ሄዶ በእግሩ የሚመለስ ነገር ነው። ላሚቱ ጠዋት ትታለባለች፣ ማታም ከግጦሽ ስትገባ ትታለባለች፤ ልጅ ጠጥቶ የሚተኛው የማታውን ነው። ላሚቱ ስትሞት ማንም ሳይጮህ ራት ይቀራል። ለእነዚያ ልጆች ሜዳሊያ የላከ ስልክ የለም። ፍሪጁ የሞላ ሰው ራቱን ቢተው ይተው፣ ሆዱ የራሱ ነው። «ሰው ያለ ራት ይኖራል» የሚለውን ግን ዱብሉቅ ላይ አፉን ሞልቶ አይናገራትም! ይህን ሁሉ እየጮኽኩ ነገርኩት። ሾፌሩ ሬዲዮውን ዘጋ።

የሒሳብ ሹሙ አልመለሰልኝም። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ በመስኮት እያየ የአባቱን እግር ስኳር እንዳስቆረጠው ነገረኝ። ክፉ ሰው አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የምንከራከረው በቡና ነው። አፑ በጾሙ ሰዓት ጥቁር ቡና ያለ ስኳር ይፈቅዳል። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ቸርነት ነው። ቆላው ውስጥ ግን ሻይ እንኳ ብዙ ጊዜ ከነስኳሩና ከነግመል ወተቱ ፈልቶ ነው የሚቀርበው፤ «ያለ ስኳር» ብትሉት አሳላፊው እንደታመመ ሰው ያያችኋል። ጉጂና ቦረና ዘንድ ደግሞ ቡና ቀላ አለ። ፍሬው ከነገለባው ጫፉ በጥርስ ይቀነጠስና በቅቤ ይጠበሳል፤ ቅቤው ሲገባበት ይንጣጣል። ወተት ይጨመርበትና ከነፍሬው ይቀርባል። ፍሬው ይታኘካል፤ በቅቤው ደግሞ እጅና ፊት ይታበሳል።

በዚያው ጉዞ ስንመለስ አንድ ሽማግሌ ቤት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባን። ቡና ቀላውን መርቀው ለሒሳብ ሹሙ አቀረቡለት። ስልኩን አየ፣ እኔን አየ። «ቡና አይደል?» አለኝ በሹክሹክታ። ተቀበለ። ሲደገምለትም ተቀበለ፣ ቅቤውን እስከ ክርኑ ተቀባ፤ ከዚያ አፑ ላይ «ቡና» ብሎ መዘገበው።

አሁን መሥሪያ ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል፤ ቡና ነው የሚል አለ፣ ራት ነው የሚል አለ። አማቼ ሰዓቱ ከስምንት በኋላ ስለሆነ ምንም ቢሆን ግድ የለውም ባይ ነው። እኔ ፈርጃለሁ፤ በቅቤ ተጠብሶ፣ በወተት ርሶ፣ በጥርስ የሚታኘክ ነገር ምግብ ነው። ይግባኝ የሚል ካለ ቦረና ወርዶ ቀምሶ ይከራከረኝ።